ስክሪንን አይጨምርም

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የሚሸጡ ልጆች በከንቱ ይታማሉ። ሸጠው ዘወር ይላሉ፣ ስልክ አያነሱም፣ ዋስትናቸው የአፍ ነው ይባላል። ሐሜት ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ለልጄ ላፕቶፕ ገዝቼ፣ በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ የበቀለብኝ፣ በስምንተኛው ቀን ከነጥቡ አጠገብ ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ መስመር የተሰመረብኝ፣ በዘጠነኛው ቀን ዕቃውን አቅፌ ወደ ሱቁ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ስልኬን አንስተዋል። ወንበር ስበውልኛል። ውሃ ይጠጡ ብለውኛል። ያልሰጡኝ ነገር ቢኖር ሌላ ስክሪን ብቻ ነው፤ እሱንም የከለከሉኝ በመርሕ እንጂ በክፋት አይደለም። ይህን የምጽፈው መርሑ ላልገባቸው ገዢዎች ነው።

ሱቁ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አንዱን ጠርቶ ጎረቤቱን መተው አድልዎ ይሆንብኛል። ዕቃውን መጀመሪያ ያየሁት በቴሌግራም ነበር። ከፎቶው ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል፤ በውስጥ መስመር ስጠይቅ «ብቅ ይበሉ» አሉኝ፤ ብቅ አልኩ።

ሻጩ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። አንደበቱ የለሰለሰ፣ እኔን «ፋዘር»፣ ልጄን «እህቴ» የሚል ጨዋ ልጅ። ካርቶኑን ከመደርደሪያው ያወረደው እንደ አራስ በሁለት እጁ ደግፎ ነበር።

«ፓክድ ናት ፋዘር። ከዱባይ የገባችው በዚህ ሳምንት ነው። ሰው አልነካትም።»

«ትከፈትና እንያት» አልኩ።

አዘነልኝ። «ከተከፈተች እኮ ፓክድ መሆኗ ቀረ» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ።

አያቴ በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን ይቆጥሩ ነበር። ሰኮናዋን ያነሳሉ፤ ዓይኗ ማየቱን በእጃቸው ያረጋግጣሉ፤ ጭነው ገበያውን አንድ ዙር ያዞሯታል። ይህም አልበቃ ብሏቸው ሻጩን ዋስ ጥራ ይሉታል። ዋሱ ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ በቅሎዋ ብታነክስ ተይዞ የሚጠየቅ ሰው ነው። ያ ሁሉ ኋላ ቀርነት መሆኑ የገባኝ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። የሠለጠነ ገዢ በቅሎዋን በጆንያ እንደተጠቀለለች ይገዛል።

«ዋስትናስ?» ስለው ፊቱ በራ። «አንድ ዓመት ሙሉ! እኛ እንደ ሌሎቹ አይደለንም።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ያለ ደረሰኝ 60,000 ብር ነው። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ 69,000 ይሆናል። «ያለ ደረሰኝ» አልኩ። ልጄ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ይህችን 9,000 ብር አንባቢ ያስቀምጥልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ገንዘቡ በሞባይል እንደተላለፈ ፓክድነት አበቃ። ልጁ ካርቶኑን ራሱ ቀደደው፤ ላፕቶፑን አውጥቶ፣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ሳያነሳ አብርቶ አሳየን። በላስቲኩ ውስጥ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ከዚያ ከመሳቢያው ስቲከር አወጣ።

ስለ ስቲከሯ ትንሽ ልበል፤ ንግዳችን ከደረሰባቸው ጥበቦች ሁሉ እንደ እሷ የሚገርመኝ የለም። ስፋቷ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ልጁ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀኑን ጻፈባትና ከላፕቶፑ ሆድ፣ የሞቀው አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ለጠፋት። በጣቱ ሁለቴ መታ መታ አደረጋትና «ይቺ ከተነሳች ዋስትና የለም» አለ። ላፕቶፕ ሲሠራ ይሞቃል። ሲሞቅ ሙጫ ይለቃል፤ ጉልበት ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የእስክሪብቶ ቀለም በልብስ ይጠረጋል። እንግዲህ ስቲከሯ የምትጸናው ላፕቶፑ እስካልሠራ ድረስ ነው። ዕቃውን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ የሰቀለ ሰው ከዓመት ዋስትናው አንዲት ቀን አትጎድልበትም። የሚጽፍበት፣ የሚያነብበት፣ የሚማርበት ግን በየቀኑ በገዛ ሥራው ሙቀት ዋስትናውን እያቀለጠ ይኖራል። ለሥራ ፈት ሰው እንዲህ ያሰበ ሕግ ሌላ አላውቅም።

ነጥቡ በሦስተኛው ቀን ታየ። ልጄ ትንኝ መስሏት በጣቷ ጠረገችው። ትንኝ አልነበረም። መስመሩ ሲመጣ ግን የምንጠርገው ነገር አጣን፤ ተነስተን ሄድን።

ልጁ ስክሪኑን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ፣ ጠጋ ብሎ፣ ራቅ ብሎ አየው።

«ወድቋል?»

«አልወደቀም።»

«ተጭኖት ይሆናላ።»

«ማን?»

«ቦርሳ ፋዘር። ቦርሳ ይጫናል።»

«ላፕቶፕ እኮ ቦርሳ ውስጥ ሊገባ የተሠራ ዕቃ ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለ በትሕትና። «ግን ስክሪን ፊዚካል ነው። ዋስትናው ስክሪንን አይጨምርም።»

«ባትሪውስ?»

«ባትሪ ያልቃል። አይጨምርም።»

«ቻርጀሩ?»

«እሱ ላይ ስቲከር የለበትም።»

«ኪቦርዱ?»

«ኪቦርድ እኮ ይነካል ፋዘር።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚጨምረው?»

«ማዘርቦርዱን።»

«ማዘርቦርዱ ቢበላሽ ይቀየራል?»

«ይታያል» አለ። ትንሽ አሰበና ደግሞ፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ያቃጠለው ከሆነ ግን አይጨምርም» አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያላቃጠለው፣ በራሱ ጊዜ አርጅቶ የሞተ ማዘርቦርድ ያየ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የመርሑ ውበት እዚህ ላይ ነው። ስክሪን ይታያል፤ ስለዚህ ዋስትና የለውም። ማዘርቦርድ አይታይም፤ ስለዚህ ዋስትናው «ይታያል»። ማመን ማለት የማይታየውን ተስፋ ማድረግ ነው ብለው ያስተማሩን አባቶች ይህን ሱቅ ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ዓይን የሚያርፍበት፣ ጣት የሚነካው፣ ሰው የሚጠቀምበት ነገር በሙሉ የገዢው ዕዳ ነው። ቪስ ተፈትቶ ካልሆነ በቀር የማይገኘው ክፍል ደግሞ በሻጩ ጥበቃ ሥር ነው፤ ቪሱን ከፈቱት ግን ዋስትናው ይቀራል።

ለነገሩ ነጥቡን በሚመለከት ልጁ የዓለም ድጋፍ አለው፤ ስላላወቀው እንጂ ቢያውቀው ኖሮ እዚያው ይረታኝ ነበር። ያ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ነጥቦች። እያንዳንዱ ነጥብ ከኋላው ያለውን ብርሃን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሦስት ደቃቅ መስኮቶች አሉት፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። በድምሩ ከ6.2 ሚሊዮን በላይ መስኮት ማለት ነው። ከነዚህ አንዱ አረንጓዴ መስኮት አልዘጋ ቢል ጨለማ ላይ የልጄን ትንኝ ይመስላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 13406-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ስክሪኖችን በክፍል መድቧቸዋል። አንደኛው ክፍል ምንም ጉድለት አይፈቅድም። ለኛ ዓይነቱ ተራ ገዢ የሚመጣው ሁለተኛው ክፍል ግን በእያንዳንዱ ሚሊዮን ነጥብ 2 ሁልጊዜ የበሩ፣ 2 ሁልጊዜ የጠቆሩ፣ 5 ደግሞ በከፊል የተበላሹ ነጥቦችን ይፈቅዳል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአይኤስኦ 9241-307 ሲተካም በክፍል መመደቡ አልቀረም። ስለዚህ በልጄ ስክሪን ላይ አሥር ያህል እንዲህ ያሉ ትንኞች ቢሰፍሩም ሕጋዊ ነዋሪዎች ናቸው። ትላልቆቹ አምራቾችም ከተወሰነ ቁጥር በታች ያለውን «ጉድለት ነው» ማለት አይወዱም።

ታዲያ ባዕዳኑ ከእኛ በምን ይለያሉ? ጨካኝነቱ ያው ነው። እነሱ ግን ቁጥሩን ጽፈው አስቀምጠዋል። ገዢው ስንት ትንኝ መታገሥ እንዳለበት ከመክፈሉ በፊት አንብቦ ማወቅ ይችላል። እኛ ዘንድ ቁጥሩ በሻጩ ልብ ተጽፎ፣ የሚነበበው ዕቃው ሲመለስ ነው።

መስመሩን ግን የትኛውም ክፍል አያውቀውም። ሐምራዊ የሆነው በአንድ ዓምድ ላይ ያሉት 1,080 አረንጓዴ መስኮቶች ባንድ ጊዜ ተዘግተው ቀይና ሰማያዊው ብቻ ስለቀሩ ነው። ይህን የነገረኝ ከዚያው ፎቅ ሥር ያለ ጥገና ቤት ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። ወድቆ ወይም ተጭኖ የተሰበረ ስክሪን ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ያሳያል፣ ወይም ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል አለ። ቀጥ ያለ ንጹሕ መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ የተጣበቀው ስስ ኬብል ሲለቅ ነው። ከዚያ የስክሪኑን ዙሪያ በጥፍሩ ዳሰሰና ዝም አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ይሄ ከዚህ በፊት ተከፍቷል ጋሼ። በድርብ ፕላስተር ነው የተያዘው።»

ቤት ስንገባ ልጄ ከላፕቶፑ ሆድ፣ ከስቲከሯ ጎን የታተመውን ሲሪያል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባች። ሰው ያልነካት ላፕቶፕ የፋብሪካ ዋስትናዋ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ ያለቀው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሌላ አገር ተወልዳ፣ ተድራ፣ ሠርታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ካርቶን ለብሳ ነው የመጣችልን። «በዚህ ሳምንት ገባች» ማለቱ ግን እውነት ሳይሆን አይቀርም። ልጁ አልዋሸም፤ የት ስትኖር ቆይታ እንደገባች አልጠየቅነውም።

እዚህ ላይ እልህ ያዘኝና ሕግ አነበብኩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ሰው ጠርቶ ዋስ እንዲሆንለት መለመን አላስፈለገውም፤ ሕጉ ራሱን ሻጩን ዋስ አድርጎታል፤ ስቲከር የሚል ቃልም የለበትም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ገና አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ነበርኩ። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ልጁ ጨርሼ እስክናገር በትዕግሥት አዳመጠኝ። በስተጀርባው ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በፍሬም ተሰቅሏል። የ1952ቱን ሕግ ስጠቅስ ራሱን ነቀነቀ። አዋጁን ስጠቅስ አሁንም ነቀነቀ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ደረሰኝ ይዘዋል ፋዘር?»

አንባቢ ያስቀመጠልኝን 9,000 ብር አሁን ይመልስልኝ። የመንግሥትን ድርሻ ለሁለት ተካፍለን በልተን፣ ስንጣላ ወደ መንግሥት ሕግ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው፤ ይህን አውቃለሁ፤ «ያለ ደረሰኝ» ያልኩት ግን በገዛ አንደበቴ ነው። ልጄ በዚያን ቀን ያየችኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔ ግን አህያዋን በቅናሽ ገዝቼ ባልዋን ዋስ ያደረግሁ ሰው ነኝ።

ለልጁም እንፍረድለት። እሱ ራሱ ላፕቶፑን የወሰደው በሻንጣ ከሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው የወሰደው ዱባይ በጅምላ ከሚሸጥ ሰው ነው። መስመር የተሰመረበትን ስክሪን ተሸክሞ ወደ የትኛው ሻንጣ ይመልሰው? እሱም «አይጨምርም» ተብሎ ነው የገዛው። ልዩነቱ ለእሱ ቀድመው ነገሩት፤ በዋጋውም ቀነሱለት።

ነገሩን ሳሰላስለው ይህ መርሕ በላፕቶፕ ብቻ መወሰኑ ያሳዝናል። ጣሪያ የሚሠራው ሰው የአንድ ዓመት ዋስትና ይስጥ፤ ዝናብን አይጨምርም። የውሃ ታንከር ሻጩ ይስጥ፤ ውሃን አይጨምርም። ጫማ ሰፊው ይስጥ፤ መርገጥን አይጨምርም፤ ጫማው ፊዚካል ነውና። የሠርግ ሽማግሌዎችም ሙሽሮቹን ሲመርቁ ከሙሽራው ጀርባ ቀን የተጻፈባት ስቲከር ቢለጥፉ ጥሩ ነው፤ ትዳሩ አንድ ዓመት ዋስትና አለው፤ አማትን፣ ገንዘብንና ኩርፊያን አይጨምርም፤ የቀረው ይታያል።

ይህን ሰላማዊ ንግድ የሚበጠብጡ ጥቂት ክፉ ገዢዎች ግን አሉ። አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ በሄድኩበት ቀን አጠገቤ ቆሞ ነበር። ገንዘብ ሳይከፍል ላስቲኩን ከስክሪኑ ላይ ላጠው። ከስልኩ አምስት ምስል አስተላለፈና ስክሪኑን በተራ በጥቁር፣ በነጭ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ ሞላው፤ ጥቁሩ ላይ የበራ ነጥብ፣ ነጩ ላይ የጠቆረ ነጥብ ፈለገ። ክዳኑን ቀስ እያለ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ምስሉ ይርገበገብ እንደሆነ ማየቱ ነው፤ የስክሪኑ ኬብል የሚያልፈው በማጠፊያው ውስጥ ስለሆነ የደከመው ኬብል እዚያ ይታወቃል። ሲሪያል ቁጥሩን እዚያው ቆሞ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈተሸ። ያም አልበቃውም። ደረሰኝ ይቆረጥልኝ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ስክሪኑም በዋስትናው ውስጥ መሆኑ በማኅተም ይረጋገጥልኝ አለ። ልጁ ያን ቀን ብቻ ነው «ፋዘር» ማለት ሲረሳ ያየሁት። ሁለት ላፕቶፕ መለሰበት፤ ሦስተኛውን በ69,000 ገዝቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ሲበዛ ስቲከር የሚያትመው ሰው ምን ይበላል?

ጥገና ቤቱ ለአዲስ ስክሪን 12,500 ብር ጠይቆኛል። ያተረፍኳትን 9,000 ብሰጠው 3,500 ይጎድለኛል። «ዋስትና አለው?» አልኩት በልማድ። «ስክሪን?» አለና ሳቀ።

እስካሁን አላስቀየርኩትም። ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ከመስመሩ በስተግራ በኩል ትጽፋለች። ስቲከሯ ግንቦት ላይ ወደቀች፤ የት እንደወደቀች አናውቅም።